ለወንድሜ ነው

መላጣ መሆኔን የነገረኝ ዘበኛ ነው። እንዲህ ያለውን ነገር ሰው ከሚወደው ሰው ቢሰማው ይሻል ነበር፤ የእኔ ዕድል ግን ዘበኛ ሆነ። የአንድ ባለ አሥራ አንድ ፎቅ ቢሮ ሊፍት ጠግነን ስንወርድ፣ ከካሜራው ስክሪን ፊት ለፊት የተቀመጠው ዘበኛ፣ «ቅድም ሊፍቱ ውስጥ ተንበርክኮ ወለሉን ሲፈታ የነበረው መላጣ ሰውዬ ቀረ እንዴ?» አለኝ።

ተንበርክኬ ወለሉን ስፈታ የነበርኩት እኔ ነኝ። እንዲያ አልኩት። ስክሪኑን አየ፣ ዞሮ እኔን አየ፣ እንደገና ስክሪኑን አየ። «አይ፣ ካሜራው ከላይ ስለሚያነሳ ነው» አለ። ባይጨምራት ኖሮ እረሳው ነበር። ሊያጽናናኝ መሞከሩ ነው የገደለኝ።

ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው። ብቻዬን ነው የምኖረው፤ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ሊፍት በሌለው ሕንፃ። ይሄንን የሰማ ሁሉ ይስቃል፤ ሳቁ፣ ለምጄዋለሁ። የምሠራው ከስምንቴ ጋር ነው። ስምንቴ የወጣለት ስም አይደለም፣ የጣቶቹ ቁጥር ነው። ጋሼ እለዋለሁ፣ ግን አንተ እለዋለሁ፤ አንድ ቀን አንቱ ብዬው «ምን በደልኩህ?» ብሎ ተቆጥቶኛል።

እኛ የምንጠግናቸው አሮጌ ሊፍቶች ናቸው። አንዳችን ላይ፣ ሞተሩ ክፍል ውስጥ፣ ዋናው ማጥፊያ አጠገብ ይቆማል። ሌላችን ጉድጓዱ ውስጥ፣ ሊፍቱ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ይሠራል። አዲሶቹ ሊፍቶች ጣሪያቸው ላይ የራሳቸው ማጥፊያ አላቸው፤ በነዚህ ግን የታችኛው ሰው ነፍስ በላይኛው ሰው እጅ ናት። ስለዚህ ሕግ አለን። የታችኛው «ጠፋ?» ብሎ ይጮሃል። የላይኛው ማጥፊያውን አውርዶ፣ እጁን ሳያነሳ፣ «ጠፍቷል!» ይላል። የታችኛው የሰማውን መልሶ «ጠፍቷል!» ይላል። ከዚያ በፊት ማንም ካቦውን፣ ሊፍቱን የሚጎትተውን የብረት ገመድ፣ አይነካም። እጅህ ማጥፊያው ላይ ሳይሆን ያቺን ቃል ማውጣት ነውር ነው፣ ከነውርም የባሰ ነው።

የስምንቴ ሁለት ጣቶች የቀሩት በዚህ ነው። ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት አብሮት የሚሠራ ሰው ማጥፊያውን ሳይነካ «ጠፍቷል» አለው፤ ሊፍቱ ተነሳ። ስምንቴ ከዚያ ወዲህ ያንን ሰው አላናገረውም። መንገድ ላይ ሲያየው ይሻገራል። ሰውዬው ሲሞትም ቀብሩ ላይ አልቆመም። ይሄን ታሪክ በመሥሪያ ቤታችን የማያውቅ የለም፤ አዲስ ሠራተኛ ሲቀጠር መጀመሪያ የሚነገረው እሱ ነው።

ወደ ፀጉሬ ልመለስ። ከዘበኛው በኋላ መስታወት ጠላቴ ሆነ፤ ሊፍት ውስጥ ደግሞ በሦስት በኩል መስታወት ነው፣ መብራቱም ከአናት ነው። በሳምንቱ መድኃኒት ቤት ሄድኩ። ከኋላዬ አምስት ሰው ተሰልፏል። ባለመድኃኒቷ ወደ እኔ ዘንበል ስትል «የፀጉር... የሚያሳድግ ኪኒን» አልኳት በሹክሹክታ።

«ምን አልከኝ?» አለች ጮክ ብላ።

«ለወንድሜ ነው!» አልኩ፣ እኔም ጮክ ብዬ።

ወንድም የለኝም። አንዲት ታላቅ እህት ናት ያለችኝ። ባለመድኃኒቷ ግን አመነችኝ፤ ይባስ ብላ ስለ ወንድሜ ትጠይቀኝ ጀመር። ሐኪም አይቶታል ወይ? አይቶታል። ሌላ በሽታ አለበት ወይ? የለበትም። «ድባቴ፣ ጭንቀት፣ እንዲህ ያለ ነገር ያውቀዋል?» ስትል «ኧረ እሱ! ሳቂታ ነው፤ ሰፈሩን ሁሉ የሚያስቀው እሱ ነው» አልኳት። ውሸትና ስንቅ እያደረ ይቀላል ይላሉ፤ የኔው ግን እያደረ ከበደ። ሳጥኑን ኪሴ ከትቼ ወጣሁ፣ ውስጡ ያለችውን ወረቀት እቤት ስደርስ ከነሳጥኑ ጣልኳት።

ሁለት ወር ምንም አልነበረም። በሦስተኛው ወር ፀጉሬ እንደ ሕፃን ፀጉር ብን ብን እያለ መብቀል ጀመረ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ግን አንድ እግሬን ካልሲ አጥልቄ፣ ሌላውን ካልሲ እንደያዝኩ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ አርባ ደቂቃ አለፈ። ምንም አላሰብኩም። አላዘንኩም እንኳ። ካልሲው ራሱ ሩቅ አገር የሆነብኝ ያህል ነበር።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ ሁሉ እንዲያ ሆነ። ምግቡ ካርቶን ካርቶን ይላል። ሬዲዮ ስከፍት ሰዎቹ ለምን እንደሚስቁ አይገባኝም፣ እዘጋዋለሁ። ስምንቴ ሲቀልድ የሚያስቀው ቦታ ላይ እንደደረሰ አውቃለሁ፤ ግን ሳቄ ዘግይቶ ይመጣል፣ እሱም በግድ። እህቴ በየእሁዱ ትደውላለች።

«ደህና ነህ ወንድምዬ?»

«ደህና ነኝ እትዬ።»

«ድምፅህ ምነው?»

«ጉንፋን ነው።»

አራት እሁድ ጉንፋን ሆነ። በአምስተኛው ስልኩ ሲጮህ ተቀምጬ አየሁት። ሲያቆም እፎይ አልኩ። እኔን የምትፈልግ አንድ ሰው ነበረች፣ እሷንም ደበቅኋት። በዚያ ክፍል ውስጥ እንደዚያ ዕለት ብቻዬን የሆንኩበት ቀን የለም። ኪኒኗን ግን በየጠዋቱ፣ በሰዓቷ፣ አንድም ቀን ሳላጎድል እውጣለሁ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ልበለው? አይደለም፤ የእውነት አላወቅሁም። እንዲህ ያለ ሰው ሆኜ የቀረሁ ነው የመሰለኝ። ዕድሜ ይሆናል ብያለሁ።

ስምንቴ ብቻ አንድ ቀን በደረጃው ላይ አቁሞ አናቴን ትክ ብሎ አየና፣ «አንተ ልጅ፣ ፀጉርህ ወፍሯል፣ አንተ ከስተሃል። እሱ ነው እንዴ የሚበላህ?» አለኝ። ሳቅሁ። ዘግይቼ።

ያች ቅዳሜ መጣች። ያው የዘበኛው ሕንፃ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ቢሮዎቹ ተዘግተዋል፣ ዘበኛው ብቻ ታች አለ። ስምንቴ ጣሪያው ላይ ወርዶ የካቦውን መዘውር ሊያጸዳ ነው። እኔ ላይ፣ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጫለሁ። ከታች «ጠፋ?» አለ።

«ጠፍቷል!» አልኩ።

«ጠፍቷል!» አለ።

ሁለቱም እጆቼ ኪሴ ውስጥ ነበሩ። ይሄን የማውቀው በኋላ ሳስበው ነው። አፌ ለብቻው ነው የመለሰው፤ ለእህቴ «ደህና ነኝ» እንደሚላት ሁሉ። ግድግዳው ላይ አፍጥጬ ቁጭ አልኩ። ምን ያህል ጊዜ እንደሆነ የነገረኝ ሰዓቴ ነው፤ አሥራ አንድ ደቂቃ። ዓይኔን ሳነሳ ኃይል እንዳለ የሚያሳየው የማጥፊያው ቀይ መብራት በርቷል። ስምንቴ ታች፣ ያንን ያረጀ ዘፈኑን እያፏጨ፣ ስምንቱንም ጣቶቹን በካቦውና በመዘውሩ መሀል አስገብቷል። ዘበኛው አንዲት ቁልፍ ቢነካ አለቀ። ዘበኛው ደግሞ እኛ ምን እንደደረስን ለማየት በሊፍት ብቅ ማለት የሚወድ ሰው ነው፤ የዚያን ዕለት እንቅልፍ ወስዶት ነው የተረፍነው።

ተነሥቼ ማጥፊያውን ቀስ ብዬ አወረድኩት። ቀጭ አለ። ስምንቴ ፉጨቱን አላቋረጠም። ምንም አላወቀም፤ ማንም አላወቀም። ባልዲው ላይ ተመልሼ ተቀመጥኩ።

እቤት ስገባ ገና ፀሐይ አልጠለቀችም። አዲሱን የኪኒን ሳጥን ከፈትኩ። ወረቀቷ እንደ ፈተና ኩረጃ ተጣጥፋ ውስጥ ናት። ለምን እንዳነበብኳት አላውቅም፤ ምናልባት በአምስት ወር ውስጥ በሕይወቴ የተለወጠ ነገር ኪኒኗ ብቻ ስለነበረች ይሆናል። መስኮቱ ጋ ተጠግቼ፣ በጣቴ እየተከተልኩ፣ ከብዙ ደቃቅ ፊደል መካከል አገኘሁት፦ በጥቂት ሰዎች ላይ የስሜት መለዋወጥ፣ ድባቴ ሊታይ ይችላል፤ ከታየ መድኃኒቱን አቁመው ሐኪም ያማክሩ። ሁለት መስመር ናት። ሦስት ጊዜ አነበብኳት። ደስታም ንዴትም አልተሰማኝም፤ ግን ይሄ ነገር ስም እንዳለው ሳውቅ፣ ከስንት ጊዜ በኋላ አለቀስኩ።

ሰኞ ጠዋት መድኃኒት ቤቱ ሲከፈት በር ላይ ነበርኩ። ሰልፍ የለም። ባለመድኃኒቷ አወቀችኝ።

«ወንድምህ እንዴት ነው? በቀለለት?»

«በቅሎለታል» አልኩ። ከዚያ፣ «ግን ደህና አይደለም» አልኩ።

እጇ ላይ የነበረውን አስቀመጠች። «ምን ሆነ?»

እውነቱን ልናገር ነበር። አፌ ግን ለምዶበታልና «ወንድሜ» እያለ ቀጠለ። ወንድሜ ምግብ አይቀምሰውም አልኳት። ወንድሜ እህቱ ስትደውልለት አያነሳም። ወንድሜ ካልሲ ማጥለቅ ያቅተዋል። ስለ እኔ ቢሆን አንዱንም አልናገረውም ነበር፤ ስለ እሱ ስናገር ግን አሳዘነኝ። ምስኪን ልጅ፣ ማንም የለውም እኮ አልኩ በልቤ።

«ብቻውን ነው የሚኖረው?» አለች።

«ብቻውን።»

«ራሱን የመጉዳት ሐሳብ አለው?»

አሰብኩ። «እሱ የለውም። ግን ቅዳሜ ዕለት ሰው ሊያስገድል ነበር።»

 ዓይኗ ከፊቴ ተነሥቶ ወደ አናቴ ወጣ፣ ወደ አዲሱ ፀጉሬ፤ ከዚያ ተመልሶ ፊቴ ላይ ቆመ። ገባት። እንደገባት ግን አላስታወቀችም፤ አላሳፈረችኝም።

«ለወንድምህ ንገረው» አለች ቀስ ብላ። «ከዛሬ ጀምሮ እንዳይወስደው። ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ ይሂድ። መድኃኒቱ ሊሆን ይችላል፣ ብቻ ሐኪም ይየው። ካቆመው በኋላም ወዲያው ላይለቀው ይችላል፣ እንዳይደነግጥ። ደግሞ ለአንድ ሰው ይንገር፤ ለሚቀርበው። ብቻውን አይሁን።» በመጨረሻ «አንተ አትለየው» አለችኝ።

ሐኪሙ አንድ ሰዓት አስጠብቆ ሃያ ደቂቃ አነጋገረኝ። እሱም ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል አለ፤ ሳምንታት ሊፈጅ እንደሚችል፣ በየአሥራ አምስት ቀኑ እንድመጣ፣ ከባሰብኝ ግን ቀጠሮ እንዳልጠብቅ ነገረኝ። እሱም ከማን ጋር እንደምኖር ጠየቀኝ። ሰው ሁሉ ይሄን ጥያቄ ከየት እንዳመጣው እንጃ።

«ለሚቀርበው ሰው ይንገር» ነበር ያለችው። እህቴ ሩቅ ናት። በቀን ስምንት ሰዓት የማየው ሰው ስምንቴ ነው። ለእሱ ስለ ኪኒኑ መንገር ይቻላል፤ ይስቅብኛል፣ ያልፋል። ስለ ቅዳሜው ከነገርኩት ግን እንደዚያኛው ሰውዬ መንገድ ሊሻገርብኝ ነው። ካልነገርኩት ደግሞ ዛሬም ጉድጓድ ውስጥ ወርዶ «ጠፋ?» ብሎ ሊጠይቀኝ፣ እኔን ሊያምን ነው። ሆድ ይፍጀው ብዬ ልተወው አልኩ። ከሐኪሙ ቤት እስከ ሥራ ቦታ እየተውኩት፣ መልሼ እያነሳሁት ሄድኩ።

የዕለቱ ሕንፃ ሞተር ክፍል ስደርስ ስምንቴ ጓንቱን እያጠለቀ ነበር። ሚስቱ የጓንቱን ሁለት ባዶ ጣቶች ሰፍታለታለች።

«ጋሼ፣ ከመውረድህ በፊት።»

«ምን ሆነሃል? ፊትህ ምን ይመስላል?»

«ቅዳሜ ማጥፊያውን አላወረድኩትም። ጠፍቷል ያልኩህ እጄ ኪሴ ውስጥ ሆኖ ነው። አሥራ አንድ ደቂቃ በርቶ ነበር።»

ስለ ኪኒኑም ነገርኩት፣ እየተንተባተብኩ፣ ሰበብ እንዳይመስል እየፈራሁ። ሲያዳምጥ ፊቱ አልተለወጠም። ስጨርስ ጓንቱን አወለቀ፣ መሣሪያ ቦርሳውን አነሳ፣ በሩን ከፍቶ ወጣ። ዘጠኝ ፎቅ በእግሩ ሲወርድ የጫማውን ድምፅ እስከ መጨረሻው ሰማሁት።

በማግስቱ አለቃችን ስምንቴ ሌላ ሰው መጠየቁን ነገረኝ። ለምን እንደሆነ አልነገረውም፤ ቢነግረው ከሥራ እወጣ ነበር። እኔን ወርክሾፕ አስገቡኝ፤ ከአሮጌ ሊፍት የተፈቱ መንኮራኩሮች በናፍጣ ማጠብ። ቀኑን ሙሉ የሚያናግረኝ የለም። ኪኒኑን አቁሜያለሁ፤ ደመናው ግን አልተገፈፈም። በሁለተኛው ሳምንት ፀጉሬ ትራሱ ላይ መርገፍ ጀመረ። ጉድ እኮ ነው፤ ፀጉሩም ሄደ፣ ሰውዬውም ሄደ፣ ድባቴው ብቻ ቀረልኝ።

እሁድ እህቴ ስትደውል አነሳሁ። «ደህና ነህ?» ስትለኝ «አይደለሁም እትዬ» አልኳት።  «ጉንፋን እንዳልሆነ አውቄ ነበር» አለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ በየማታው ራት ሰዓት ትደውልና፣ የምናወራው ሲያልቅ ስልኩን ሳትዘጋ ሥራዋን ትሠራለች። ሰሃን ስታጥብ እሰማታለሁ። እኔም እበላለሁ።

በአራተኛው ሳምንት እሁድ ጠዋት በሬ ተንኳኳ። ስምንቴ ነው፤ ግድግዳውን ተደግፎ ያለከልካል።

«የሊፍት ሠራተኛ... ሊፍት የሌለው ቤት... ምን አባቱ ይሠራል?» አለ።

ወንበር ሰጠሁት። ውኃ ሰጠሁት። ውኃውን ጨርሶ ብርጭቆውን በሦስት ጣቱ ያዞረው ጀመር።

«ያ ሰውዬ» አለ በመጨረሻ። «ለጣቶቼ ብዬ አይደለም የጠላሁት። ጣት ነው፤ ስምንትም ይበቃል። ሆስፒታል መጥቶ አጥፍቼው ነበር አለኝ። በልጆቹ ስም ማለ። እስኪሞት ድረስ አጥፍቼው ነበር እንዳለ ነው የሞተው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ እኔ ውሸታም ሆኜ ኖርኩ። አላጠፋሁትም ቢለኝ፣ አንዲት ቃል ናት፣ ቀብሩ ላይ አፈር አለብሰው ነበር።»

ብርጭቆውን ተቀብዬ ውኃ ጨመርኩለት።

«አንተን ያየህ ሰው አልነበረም» አለ። «ዝም ብትል ማን ያውቃል? አራት ሳምንት ይሄንን ሳመነዥክ ነው የከረምኩት። ተናድጄብሃለሁ፤ አሁንም አለቀ እንዳይመስልህ።» አናቴን አየ። «ለዚች ነው ይሄ ሁሉ? ከራስ በላይ ነፋስ ሲባል አልሰማህም? እኔ ስንት ዓመቴ ነው ነፋሱ ሲመታኝ!» የራሱን መላጣ በመዳፉ ቸብ ቸብ አደረገ። ሳቅሁ። አልዘገየሁም መሰለኝ።

«ነገ ና» አለ ሲነሳ። «ላይ የምቆመው እኔ ነኝ። አንተ እስኪሻልህ ማጥፊያ አትነካም፤ ታች ነህ።»

ሰኞ ጠዋት ጉድጓዱ ውስጥ፣ ሊፍቱ ጣሪያ ላይ፣ በባትሪዬ ብርሃን ቆምኩ። በላይ ስምንት ፎቅ ጨለማ ነው። በየፎቁ በር ላይ ሊፍት የሚጠብቁ ሰዎች ሲያጉረመርሙ ይሰማል።  በዚያች ቅዳሜ እሱ የቆመበት ቦታ ቆሜ ነው እሱ ምን ያህል እንዳመነኝ የገባኝ።

«ጠፋ?» ብዬ ጮህኩ።

 ቆየ። ከዚያ ከላይ ቀጭ የሚል ድምፅ ወረደ።

«ጠፍቷል!»

«ጠፍቷል!» አልኩ።

እጄን ወደ ካቦው ስሰድ ድምፁ እንደገና መጣ፣ ጉድጓዱን ሞልቶ። «አንተስ? ደህና ነህ?»

 «ደህና ነኝ» ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሳ ነበር፣ እንደ ልማዷ። ዋጥኳት። ጉድጓድ ውስጥ ያልሆነውን ሆነ አይባልም። እንዴት እንደሆንኩ ለማወቅ ትንሽ ጊዜ ፈጀብኝ፤ እሱም ሳይቸኩል ጠበቀኝ።

«ገና ነው!» ብዬ ጮህኩ።

«ገና ነው!» አለ ስምንቴ ከላይ፣ የሰማውን እየመለሰ።

ከዚያ ፒንሳዬን አነሳሁ።